በቤታችን ስሙ ያልተጠራ ሕመም

መጀመሪያ እንቢ ያለው የእህቴ ጣት ነው።

ደርግ ከወደቀ በኋላ በነበሩት የመጀመሪያ ዓመታት፣ በስንዴ አጨዳ ወቅት ነበር። ራህማ ጠዋት ተነስታ ማጭድ ልትይዝ ስትል ጣቶቿ አልታጠፍ አሏት። ብርድ ነው አልናት። የመካነ ሰላም የኅዳር ጠዋት የማንንም ጣት ያደርቃልና የደነገጠ አልነበረም። እጇን ለብ ባለ ውሃ ዘፈዘፈችው፤ ፀሐይዋ ሞቅ ስትል ጣቶቿ ተፈቱላትና ከእኛ እኩል ስታጭድ ዋለች። አመሻሽ ላይ ቤት ስንገባ ፊቷ ቀልቶ ነበር። ቅላቱ ከአንደኛው ጉንጯ ተነስቶ፣ አፍንጫዋን ተሻግሮ፣ እስከ ሌላኛው ጉንጯ ደርሷል።

ይህን የምጽፈው ጠዋት ጣቷ እንቢ ለሚላት፣ ፀሐይም ፊቷን ለሚያቀላባት ሴት ነው። ለአስታማሚዋም ጭምር።

"ምች ነው" አሉ ያሳደጉን አክስታችን ዘምዘም። ዳማ ከሴ አሽተው ጭማቂውን አጠጧት፤ ፊቷንም ቀቧት። ምች የመታው ሰው ፀሐይ ማየት የለበትም ተብሎ ራህማ ጓዳ ገብታ ተቀመጠች። ቅላቱ ደበዘዘ። ያታለለንም ይኸው ነው። ሉፐስ የሚባለው የዚህ ሕመም ቅላት ከፀሐይ ሲርቁ እንደሚቀንስ ዛሬ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ግን ያሻላትን ጥላ ትተን ቅጠሉን አመሰገንን። በቀላች ቁጥር ዳማ ከሴ፣ በደበዘዘላት ቁጥር አልሐምዱሊላህ እያልን ወራት አለፉ።

አክስቴ ግን የተታለሉ አይመስለኝም። ያንን ቅላት ቀደም ሲል በእናታችን ፊት ላይ አይተውታል። እናታችን የሞተችው እኔ ድክ ድክ ስል ነው። ጣቶቿ አብጠው፣ ፊቷ ቀልቶ፣ በመጨረሻም እግሯ ውሃ ቋጥሮ። ለጎረቤት የተነገረው፣ እኔም ስሰማው ያደግሁት ግን "በወሊድ ሞተች" የሚለው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በእኛ አገር ሴት ልጅ ለጋብቻ ስትጠየቅ ሽማግሌዎች ከሁሉ በፊት ዘሯን ያጣራሉ። በእናቷ ወገን ምን ነበረ? ቆዳ የሚያበላሽ አለ? የሚጥል በሽታ አለ? የአንዲት ሴት ስም በእንዲህ ያለ ሕመም ከተነሳ እህቶቿም፣ የእህቶቿ ልጆችም ቆመው ይቀራሉ። ስለዚህ ሕመሙ ከሟቿ ጋር አብሮ ይቀበራል። በዚያ ዓመት ደግሞ የከላላ ሰዎች እኔን ለልጃቸው ለመጠየቅ ሽማግሌ ልከው ነበር።

ራህማ አልተሻላትም። ፀጉሯ በእጇ ይመጣ ጀመር። አፏ ውስጥ ቆሰለ። እግሯ ሲያብጥ በአውቶቡስ ደሴ ሆስፒታል ወሰድናት። የተቀበላት ዶክተር ወጣት ነው። ጣቶቿን አንድ በአንድ እየዳሰሰ ጠየቀ።

"እናታችሁ በምን ሞቱ? ከቤተሰባችሁ መገጣጠሚያዋን የሚያማት፣ ፊቷ የሚቀላ ሴት ነበረች?"

አጠገባችን ካለው አልጋ አንዲት የምታውቀን የመካነ ሰላም ሴት ልጇን ታስታምም ነበር። አክስቴ በዓይናቸው ጠርዝ አዩዋት። "ኧረ የለም ዶክተር፣ ዘራችን ንጹሕ ነው። እናታቸው በወሊድ ነው የሞተችው" አሉ።

ዶክተሩ ወደ ራህማ ዞረ። "አንቺስ የምታስታውሺው ነገር አለ?"

ራህማ እናታችን ስትሞት ነፍስ አውቃ ነበር። ያበጠውን የእናታችንን እግር ስታጥብ የነበረችው እሷ ናት። ቀና ብላ እኔን አየችኝ።

"የለም" አለች።

የመገጣጠሚያ ብግነት ተብሎ የሕመም ማስታገሻ ተሰጣትና ወደ ቤት መለስናት። ክረምቱ ሲገባ ሽንቷ አረፋ ይደፍቅ ጀመር። እንደገና ደሴ ስንደርስ ኩላሊቷ ደክሟል። አዲስ አበባ ውሰዷት ተባልን። መንገዱን አልቻለችም። ትንፋሽ አጠራት። መተኛት አቃታት። ደረቴ ላይ ተደግፋ ተቀመጠች።

"እታለም፣ ላንቺ ብዬ ነው የዋሸሁት" አለችኝ። "ያንቺ ጣት እንቢ ካለሽ ግን ዝም እንዳትዪ።"

ዓርብ ጠዋት ሞተች። ብዙ አልቅሻለሁ፤ ግን አልወጣልኝም፤ ዛሬም አልወጣልኝም።

ኀዘኑ በረድ ሲል ለከላላው ሰይድ ተዳርኩ። ራህማ ያሰበችው ተሳካ ማለት ነው። የሠርጉ ዕለት ሴቶቹ ሙሽራዋ ፊቷን አጠቆረች ብለው ሲቀልዱብኝ እኔ ያንን "የለም" ያለችበትን ድምፅ ነበር የምሰማው።

የመጀመሪያ ልጃችንን ሀያትን በወለድኩ በዓመቱ፣ አንድ ጠዋት የቀሚሴን ቁልፍ መቆለፍ አቃተኝ። ቁልፉን ሞከርኩት። እንደገና ሞከርኩት። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ምን እንደሆነ ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም።

ለሰይድ የእናቴንም የእህቴንም ነገር ዘርግፌ ነገርኩት። እሱ ብዙ የሚናገር ሰው አይደለም። "ያኔ ብትነግሪኝም እኔ አገባሽ ነበር፤ አባቴ ግን አይፈቅዱም ነበር" አለ። "አሁን ተነሺ፣ እንሂድ።"

ሕፃኗን የሚይዙልን አክስቴ ዘምዘም ነበሩና አዲስ አበባ አብረውን ሄዱ። ያየችኝ ዶክተር የመገጣጠሚያ ሕመም ሐኪም ናት። ያንኑ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ በቤተሰብ እንዲህ ያለ ሕመም ነበረ ወይ? እኔ አፌን ስከፍት አክስቴ ቀደሙኝ።

"እኔ ልናገር" አሉ። "እናቷ እንዲሁ ሆና ነው የሞተችው። እህቷም። የደሴውን ዶክተር የዋሸሁት እኔ ነኝ።" ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡት።

ዶክተሯ አልተቆጣችም። ሽንቴን በዚያው ቀን አስመረመረች፤ ፕሮቲን ተገኘበት። ኤኤንኤ የሚባለው የደም ምርመራም ፖዘቲቭ ሆነ። ሉፐስ ነው አለችን፤ የሰውነት መከላከያ ተሳስቶ የገዛ አካሉን የሚወጋበት ሕመም።

"በዘር ነው እንግዲህ?" አሉ አክስቴ፣ የፈሩትን ራሳቸው አወጡት።

"የሚወረሰው በሽታው ሳይሆን ተጋላጭነቱ ነው እማማ" አለቻቸው። ጂኖቻችን ከሰው ሰው ትንንሽ ልዩነት አላቸው፤ አንዱ ልዩነት ብቻውን ምንም ላያደርግ ይችላል፤ ብዙዎቹ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙና ፀሐይ፣ ኢንፌክሽን ወይም እርግዝና ሲጨመርባቸው ሕመሙ ሊነሳ ይችላል። በሴቶች ላይ ለምን እንደሚበዛ ስጠይቃት፣ ሴት ሁለት ኤክስ ክሮሞዞም እንዳላት፣ ከሰውነት መከላከያ ጋር የተያያዙ በርካታ ጂኖች እዚያ ላይ እንዳሉ፣ የሴት ሆርሞኖችም ድርሻ ሳይኖራቸው እንደማይቀር ነገረችን። ገና ያልታወቀው ብዙ ነው አለች። አንዷ እህት ታማ ሌላዋ በጤና ልትኖር ትችላለች። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ እርግማንም አይደለም።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኝ ነበር። "ያኔ እውነቱ ተነግሮ ቢሆን እህቴ ትድን ነበር?"

"አላውቅም" አለች። "ሽንቷን ግን ቀደም ብለው ይመረምሩት ነበር ብዬ አስባለሁ።"

አክስቴ ሰሙ። እስከ መካነ ሰላም ድረስ በመንገዱ ሁሉ ሀያትን ደረታቸው ላይ አጥብቀው እንዳቀፉ ሄዱ።

ማገገሙ ዓመታት ፈጅቷል፤ እንደ ሕመሙ ሁሉ ትዕግሥቴን ፈትኗል። ፕሬድኒሶሎኑ ፊቴን ነፍቶት የከላላ ሴቶች በየገበያው እያስቆሙ "አልሐምዱሊላህ፣ ተስማማሽ፣ ወፈርሽ" ሲሉኝ፣ እንቅልፍ ማጣቱንና የሆዴን ቃጠሎ ትቼ አሜን እያልኩ አልፋለሁ። ክሎሮኪን ስገዛ ባለ መድኃኒት ቤቱ "በዚህ ብርድ አገር ወባ ከየት አመጣሽ?" ብሎ ሳቀብኝ፤ የወባ መድኃኒት ሉፐስንም እንደሚያበርድ ካስረዳሁት በኋላ ግን ሲያልቅብኝ ከሌላ ከተማ እያስመጣ ያስቀምጥልኝ ነበር። በኋላ ጅዳ ያለችው የሰይድ እህት የተሻለውን፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪኑን፣ ወደ አገር ቤት ከሚመለሱ ሰዎች ጋር መላክ ጀመረች፤ ከሽቶና ከሻርፕ መሐል ተጠቅልሎ ይመጣል። ዓይኔን በየጊዜው እመረመራለሁ፤ ሁለተኛ ልጄን ያረገዝኩት ዶክተሯን አማክሬ፣ ሕመሙ ጋብ ባለበት ጊዜ ነው፤ አጨዳ ስወጣ ደግሞ እጀ ረጅም ለብሼ፣ ሻርፕ ተከናንቤ፣ ቀትር ሳይደርስ ጥላ እገባለሁና ጎረቤቶቼ የባላባት ልጅ ይሉኛል። ይበሉኝ።

ሀያት አድጋ ሽማግሌ መጣባት። ሳይጠይቁኝ ነገርኳቸው፤ እናቴ፣ እህቴ፣ እኔ። ሽማግሌዎቹ በትሕትና "እንመካከርበት" ብለው ተነሱ፤ አልተመለሱም። ሀያት አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ የአክስቴ ፍርሃት ከንቱ አልነበረም። ሁሉም ነገር ተናግረው ሲጨርሱ ያምራል ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። አክስቴ አርጅተው ጥግ ተቀምጠው ነበር፤ "ደግ አደረግሽ፣ ከመቅበር ይሻላል" ብቻ አሉ።

ያንን ጥያቄ ለጠየቀው ለደሴው ወጣት ዶክተር ምስጋና አለኝ፤ መልሱን የነፈግነው እኛ ነን። አክስቴን፣ ሰይድን፣ ጅዳ ያለችውን እህቱን አላህ ይስጥልኝ። አንቺ አንባቢዬ፣ ጠዋት የሚደርቅ ጣት፣ በፀሐይ የሚቀላ ፊት፣ አረፋ ያለው ሽንት ካየሽ ቅጠሉን ሳትጠብቂ ሽንትሽን አስመርምሪ። መድኃኒቱን ተሻለኝ ብለሽ በራስሽ እጅ አታቋርጪ። የእናትሽን አሟሟት ቤተሰብሽን ጠይቂ፣ ስትጠየቂም ተናገሪ።

ባለፈው ክረምት የሀያት ጣት ጠዋት ጠዋት ይደርቅ ጀመር። ምርመራው ገና አላለቀም፤ ሽንቷ እስካሁን ንጹሕ ነው። ደሴ ሆስፒታል ስንሄድ መጠበቂያ ክፍሉ በሰው ተሞልቶ ነበር፤ ከመካነ ሰላምም ከከላላም የመጡ የምናውቃቸው ሰዎች ነበሩ። ነርሷ በቤተሰብ የታመመ አለ ወይ ብላ ጠየቀች። እኔ ገና ወደ ልጄ ስዞር፣ ሀያት "አያቴ፣ አክስቴ ራህማ፣ እናቴ" አለች።

የተቀመጡት ዞር ዞር ብለው አዩን። ነርሷ አልሰማሁም፣ ድገሚልኝ አለቻት። ሀያት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ደገመችላት።