የአክስቴ ጥቁር ግድግዳ

የአክስቴ ቤት ከውጭ ሲያዩት ገንዳ ውሃ ከተማ ውስጥ ካሉት የጭቃ ቤቶች አይለይም። ክዳኑ ቆርቆሮ ነው፣ በሩ ሰማያዊ ነው፣ ደጁ ላይ አንድ የኒም ዛፍ አለ። ልዩነቱ የሚጀምረው ወደ ውስጥ ሲገቡ ነው።

ወላጆቼ የሚኖሩት ከገለጉ ወጣ ብሎ ባለ የእርሻ መንደር ስለሆነ ሁለተኛ ደረጃን የተማርሁት እሷ ዘንድ ተቀምጬ ነው። የመጣሁበትን ቀን በደንብ አስታውሳለሁ። ከማለዳ ጀምሮ በጭነት መኪና ስንንገላታ ቆይተን የደረስነው በቀትር ነበር። ከዚያ ፀሐይ ወደ ቤት ስገባ ዓይኔ ምንም አላይ አለኝ። ቀስ እያለ ግን አበባ የተሳለባቸው ትልልቅ ትሪዎች፣ ብርቱካንማ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ከፊት ለፊቴ አየር ላይ ተንሳፍፈው ታዩኝ። የያዛቸው ነገር ያለ አይመስልም። ጠጋ ብዬ እጄን ስዘረጋ ከኋላቸው ግድግዳ አገኘሁ። ግድግዳው ጥቁር ነበር፤ እንደ ትምህርት ቤት ሰሌዳ ድብን ያለ ጥቁር።

«አታሺው፣ እጅሽን ያጠቁረዋል» አለች አክስቴ። ሰላምታ የሰጠችኝ ከዚያ በኋላ ነው።

ቀለሙን የሠራችው ራሷ ናት። የሰሊጥ አጨዳ አልቆ የቀን ሠራተኞቹ ወደ ደጋ ሲመለሱ፣ ያለቀ የባትሪ ድንጋያቸውን በየማሳው ዳር ጥለውት ይሄዳሉ። እሷ ያንን ትለቅማለች። ድንጋዩን ሰብራ ውስጡ ያለውን ጥቁር ታወጣና በሙቀጫ ወቅጣ በወንፊት ትነፋዋለች። የገጠር ትምህርት ቤት ሰሌዳም የሚጠቁረው በዚሁ ነው። ማጣበቂያው ግን የእሷ ሐሳብ ነው። ከግራር የሚለቀመውን ሙጫ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋ ታሳድርና፣ ሲሟሟ ከዱቄቱ ጋር ለውሳ በጨርቅ ትቀባዋለች። ከበሩ ትይዩ ያለው ግድግዳ ሙሉ በሙሉ እንደዚያ ተቀብቷል። ከቆርቆሮው ሥር ደግሞ ያረጁ የሱዳን ቶቦች እርስ በርስ ሰፍታ ኮርኒስ አድርጋለች፤ ቶብ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡት ረጅም ስስ ልብስ ነው። ሮዙ ከሐምራዊው፣ ሐምራዊው ከቢጫው ተሰፍቷል፤ ነፋስ ሲገባ ቤቱ ከላይ የሚተነፍስ ይመስላል። በበሩ ዙሪያ ያለው ጭቃ ሳይደርቅ የለስላሳ ቆርኪ በተርታ ተክላበታለች። ወንበሮቹም የአንዱ ቀለም ከሌላው አይገጥምም።

በከተማው የሌሎችንም ቤት አይቻለሁ። የመምህራኑና የቢሮ ሠራተኞቹ ሳሎን ንጹሕ ነው። ሶፋ፣ በሶፋው ላይ ነጭ ዳንቴል፣ የፕላስቲክ አበባ፣ ግድግዳው ላይ የፍራፍሬ ሥዕል። ደስ ይሉኛል፤ ሆኖም ከአንዱ ወጥቼ ሌላው ስገባ የት ቤት እንዳለሁ ይምታታብኝ ነበር። አክስቴ ቤት ግን ዓይኑን ጨፍኖ የገባ ሰው እንኳ ሲገልጥ የማን ቤት እንደሆነ ያውቃል። ባሏ ከሱዳን ነጋዴዎች ጋር ሲሠሩ የኖሩ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ስለ ግድግዳው ጎረቤት ሲጠይቃቸው «ተማም ነው፣ ደህና ነው፤ ብቻ ጋቢዬን አያጥቁርብኝ» ይሉ ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ከመግባቴ በፊት በነበረው የመከር ወቅት፣ አንድ ማታ የአክስቴ ልጅ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ እሁድ ሽማግሌ እንደሚመጣ ነገረችኝ። እሷ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ትሠራለች። የሚጠይቃት ልጅ ከጎጃም ለአጨዳ መጥቶ በዚያው የቀረ፣ በኋላም ትራክተር መንዳት የለመደ ነው፤ በቋራ በኩል ስልክ በማይሠራበት እርሻ ላይ ነበር።

«መከሩ ሲያልቅ አገሩ ይገባል» አለችኝ። «እነሱ እዚያ ሌላ ልጅ አይተውለታል። የአባቴን ቃል ይዞ ካልሄደ በቃ፣ ይድሩታል።»

በወጉ ወላጆቿ ምንም እንደማያውቁ መሆን አለባቸው። ሆኖም አክስቴ ከረቡዕ ጀምራ ጠላ ጠመቀች፣ የባሏ ታላቅ እህትም ከሳንጃ መጡ። እሳቸው ገና ሻንጣቸውን ሳያስቀምጡ ግድግዳውን አይተው ቆሙ።

«ይህን ሽማግሌ ሊያየው ነው?»

«ዓይን ካላቸው ያዩታል» አለች አክስቴ።

«ጥቁር ቤት የሐዘን ቤት ነው! ከደጅ ይመለሱብሻል። ኋላ ልጅሽን ለግድግዳሽ ትድሪያታለሽ!»

አክስቴ ሳቀችና ወደ ልጇ ዞረች። ልጇ አልሳቀችም።

«እማዬ፣ ለአንድ ቀን ብቻ» አለች።

አክስቴ ወንበር ስባ ላዩ ላይ ወጣችና ትሪዎቹን አንድ በአንድ አወረደቻቸው።

ቅዳሜ ኖራ ቀባን። የሳንጃዋ እንግዳ በኖራ ቤት የማንጣት ልምድ አላቸው፤ ነገር ግን የለመዱት ተራ የጭቃ ግድግዳ ነው። እዚህ የኖራው ውሃ ሙጫውን አሟሟው። ጨርቁ ባለፈበት ሁሉ ጥቁሩ ከሥር እየወጣ ከነጩ ጋር ተቀላቀለ። ደግመን ብንቀባው ደግሞ ወጣ። እሳቸው «ሲደርቅ ይነጣል» እያሉ ቀጠሉ። ሲደርቅ ግን አመድ መሰለ፤ ከላይ እስከ ታችም የወረደ እንባ የመሰለ መስመር ቀረበት። በአመድ ላይ ትሪ መስቀል አክስቴ አልወደደችም። ቤቱ ባዶውን አደረ።

እሁድ ሦስት ሽማግሌዎች መጡ። አንጋፋው ከጎጃም መጥተው እዚሁ ከተማ የቀሩ፣ ከእህል መጋዘኑ ጀርባ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። አክስቴ፣ ልጇና እኔ ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ሆነን በጠርዙ እያየን እንሰማለን። ሰውዬው ገብተው ቆሙ። ግድግዳውን አዩ፤ ጌጥ የለም። ሰው የሞተበት ቤት ጌጡን እንደሚያወርድ ሁሉም ያውቃል። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፦

«እግዜር ያጽናችሁ» አሉ።

«አሜን» አሉ የአክስቴ ባል።

አክስቴ ክንዴን ጨመቀችኝ። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ፣ ለጥቂት ጊዜ ተቀመጡ፣ ስለ ዝናቡ መውጣት አነሡ። ከዚያ አንጋፋው «እንዲያው እግረ መንገዳችንን ልንጠይቃችሁ ብለን ነው» ብለው ተነሡ። በሐዘን ቤት ልጅ አይጠየቅም። ጠላውን እንኳ አልቀመሱም።

በሩ እንደተዘጋ አክስቴ ወጣች።

«ምን ሆነው ነው አሜን ያሉት?»

«እግዜር ያጽናችሁ ላለኝ ሰው ምን ልበል? አያጽናኝ ልበል?»

«የሞተብን የለም ማለት ነዋ!»

«አሜን ካልሁ በኋላ ነው የገባኝ። ኻላስ፣ በቃ አለቀ፤ አንዴ ወጥቷል።»

ተከትሎ መጥራትም አልተቻለም። «ተመለሱ፣ የመጣችሁበትን ተናገሩ» ማለት የሴት ልጅ አባት ወግ አይደለም፤ ልጅቱን በገዛ እጅ ማቅረብ ይሆናል። የአክስቴ ልጅ ስልኳን ደጋግማ ሞከረች፤ መስመሩ አይገባም። ሽማግሌዎቹ «ቤቱ ሐዘን ላይ ነው» የሚል መልእክት ከላኩለት ልጁ በአክብሮት ይጠብቃል፤ ሲጠብቅ መከሩ ያልቃል። ይህን ስትነግረኝ አላለቀሰችም፤ የታጠበውን ብርጭቆ ደግማ ታጥብ ነበር።

ሰኞ አክስቴ ግድግዳውን መፋቅ ጀመረች።

«ምን ልታደርጊ ነው?» አሏት የባሏ እህት።

«ሰው የሞተበት ቤት ያስመሰለው አመዱ ነው። በጥቁሬ ጊዜ ማንም እግዜር ያጽናሽ ብሎኝ አያውቅም። ይልቅ ሙቀጫውን ያዙልኝ።»

ያዙላት። ከተማረች ምራት ጋር የተጣሉ ይመስል በኃይል ሲወቅጡ ዋሉ፤ ነጠላቸው ላይ የቦነነውን ዱቄት እንኳ አላራገፉም። አክስቴ ጥቁሩን ከበፊቱ አወፍራ ቀባችው፤ ጠርዙን በቢጫ አፈር አዞረችው። ከዚህ በፊት ያልሰቀለቻቸውን ትሪዎች ሳይቀር ከሣጥን አወጣች። መጋረጃውን አንሥታ ብርቱካንማ ቶብ ሰቀለች። ያን ቀን ቤቱን ሳየው እውነቱን ለመናገር «በዛ» ብዬ ነበር። እሷ ግን አሁንም ቦታ እየፈለገች ነበር።

ለሚካኤል በየወሩ ዝክር ታወጣለች። ያንን ምክንያት አድርጋ ጎረቤቱን ጠራች፤ ከጎረቤቱ ጋር ሦስቱንም ሽማግሌዎች። ዝክር መጥራት ማንንም አያሳፍርም።

አንጋፋው ገብተው እንደ እኔ ለጊዜው ዓይናቸው ጨለመባቸው። ከዚያ ቀና ብለው አዩ፤ ግድግዳውን፣ ትሪዎቹን፣ ኮርኒሱን፣ እንደገና ግድግዳውን። ዳቦ ተሰጣቸውና እንደያዙት ቀሩ።

«እሜቴ» አሏት አክስቴን፣ «ይህ ግድግዳ ምን ሆኖ ነው?»

«ምንም አልሆነም አባቴ። እኔ ነኝ ያጠቆርሁት።»

«ስለ ምን?»

«ደስ ስለሚለኝ።»

«ደስ ስለሚላት!» ብለው ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። «ታዲያ ያን ጊዜ አመድ ለብሶ ያየነውሳ?»

«እሱማ ለእናንተ ብለን ኖራ ስንቀባው ተበላሽቶብን ነው።»

«ለእናንተ ብለን» ማለት መምጣታችሁን እናውቅ ነበር ማለት ነው። የሳንጃዋ እመቤት በነጠላቸው አፋቸውን ያዙ። የአክስቴ ባል ጣሪያውን ማየት ጀመሩ። እኔ ጠላ ልቀዳ ማንቆርቆሪያውን አንሥቼ እንደያዝሁ ቆምሁ። አክስቴ ምን እንዳለች የገባት ቆይቶ ነው፤ ፊቷ ተለዋወጠ።

ሽማግሌው መጀመሪያ ሳሉ፤ ከዚያ ሳላቸው ሳቅ ሆነ።

«እንግዲያ የሞተ የለማ!»

«ኧረ የለም!» አሉ የአክስቴ ባል። ያን ያህል ጮኸው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

«እኛ ለሙሽራው ታገሥ ልንለው ነበር እኮ» አሉ ሁለተኛው ሽማግሌ፤ እሳቸውም ምላሳቸውን ነከሱ። አሁን በሁለቱም ወገን የተደበቀ አልቀረም።

አንጋፋው ዳቦውን ለጎረቤት አቀበሉና ተነሡ። «የዝክር እንግዳ ሆኖ ገብቶ ልጅ መጠየቅ ነውር ነው። ኑ እንውጣ» አሉ። ሦስቱም ተከታትለው ወጡ፣ የአጥሩ በር ተዘጋ። ጎረቤቱ ሁሉ አፉን ይዞ ጠበቀ። በሩ ተንኳኳ።

«ቤቶች!»

«ይግቡ» አሉ የአክስቴ ባል፣ ጋቢያቸውን እያስተካከሉ። ሽማግሌዎቹ ገብተው በወጉ ቆሙ። «ምን እግር ጣላችሁ?»

በወጉም «ዘመድ እናማክርና በሳምንቱ ተመለሱ» ተባሉ። በሳምንቱ ተመለሱ፤ እሺ ተባሉ። ልጁ ወደ አገሩ የሄደው ቃሉን ይዞ ነው።

ከዚያ በኋላ አክስቴ የልጇን ቤት ማሰብ ጀመረች። እዚሁም ሆነ ገለጉ የትም ቢኖሩ መጥታ እንደምትቀባላት፣ ዱቄቱን ከወዲሁ እንደምታዘጋጅ፣ ትሪም እንደምትከፍላት አንድ ጠዋት በር ላይ ተቀምጠን ስሙኝ እያለች ነገረችን።

«እማዬ» አለች ልጇ፣ «እኔ ነጭ ነው የምፈልገው።»

«ነጭ?»

«ነጭ። ምንም ያልተሰቀለበት።»

አክስቴ ክፉ ወሬ እንደሰማ ሰው ተመለከተቻት። ከዚያ ወደ ውስጥ፣ ወደ ራሷ ግድግዳ አየች፤ ተመልሳም ልጇን አየች።

«የምትኖሪበት አንቺ ነሽ» አለች በመጨረሻ። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «መጋረጃውስ?»

«እሱንም ራሴ እመርጣለሁ።»