ከጋኑ ጎን ያስቀመጥነው ድምፅ

እኔ አንድ ቤት ላይ የምረጋ ሰው አይደለሁም። ጋምቤላ ወንዱ ልጄ ዘንድ እሰነብታለሁ፤ የልጆቹ ጫጫታ ሲበዛብኝ ዲማ ሴቷ ልጄ ጋ እሄዳለሁ፤ እዚያ የወርቅ ቁፋሮው ወሬ ሲሰለቸኝ ደግሞ ኢታንግ የእህቴ ልጅ አለች። የምይዘው አንዲት የጨርቅ ቦርሳ ነው። የቀረው ዕቃዬ በየደረስኩበት ተበትኗል፤ ነጠላዬ አንዱ ቤት፣ ጃንጥላዬ ሌላው ቤት። ልጄ ይህን አይወድም። «እማ፣ የአንቺ ነገር እኮ አንድ ቦታ ተሰብስቦ አያውቅም» ይለኛል። እሱ ነገሩ ሁሉ አንድ ቦታ ካልተሰበሰበ እንቅልፍ አይወስደውም።

ሳጥኑንም የገዛው ለዚሁ ነው።

ጥቁር ነው፤ ቁመቱ ከመጽሐፍ ቅዱሴ ብዙም አይበልጥም። ፊቱ ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ልጄ ከአዲስ አበባ ያስመጣው ቀን ቤተሰቡን በሙሉ ሰብስቦ አስረዳን። ቤቱ ውስጥ ሦስት ኮምፒውተር አለ፤ አንዱ እሱ የቢሮ ሥራውን የሚጨርስበት፣ አንዱ አስተማሪ የሆነችው ምራቴ ፈተና የምታወጣበት፣ አንዱ የልጅ ልጄ ትምህርት ነው እያለች ፊልም የምታይበት። ሳጥኑ የሦስቱንም የሆድ ዕቃ በየቀኑ በራሱ እየቀዳ ያስቀምጣል። አንዱ ቢሰበር ወይ ቢሰረቅ የነበረው ሁሉ ከሳጥኑ ይመለሳል። ባክአፕ ይባላል። ደግሞም ሽቦ የለውም፤ በዋይፋይ ነው፣ በአየር፣ ግድግዳ እያለፈ።

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?» አልኩት፣ ከኋላው የተንጠለጠለውን እያየሁ።

«እሱ የመብራቱ ነው፣ እማ።»

«ሽቦ የለውም ስትል ጊዜ…»

«ሌላ ሽቦ የለውም ማለቴ ነው።»

ምራቴ ሳቋን ዋጠች። የደገኛ ልጅ ናት፣ እዚሁ ጋምቤላ ነው ያደገችው፤ ባሏ ሲያስረዳ አታቋርጠውም፤ ሲጨርስ ነው የምትወጋው። ሳጥኑ የይለፍ ቃል እንዳለውና ቃሉን ከእሱ በቀር ማንም እንደማያውቅ፣ የቤተሰብ ነገር ከቤት መውጣት እንደሌለበት፣ ፎቶና ቪዲዮ ለዚህም ለዚያም መላክ እንደሚያበቃ ተናግሮ ሲጨርስ፣ «ደግ አደረግህ፤ ሌባ ቢመጣ እንኳ ምን እንደሰረቀ አያውቅም» አለችው።

ከዚያ የት እናስቀምጠው የሚለው መጣ። ሳጥኑ ሲሠራ ይግላል። የጋምቤላን ቆርቆሮ የሚያውቅ ያውቃል፤ ከቀትር በኋላ ቤት ውስጥ የቆመ ሻማ ያጎነብሳል። ጠረጴዛው ላይ ሞከርነው፣ እንደ ትኩስ ድንች ሆነ። መስኮቱ ጋ ሞከርነው፣ ባሰበት። በመጨረሻ ሁላችንም ያሰብነውን ልጄ አፉን ሞልቶ ተናገረው።

«ጋኑ ጎን!»

በእኛ ቤት ከሙቀት የሚሸሸግ ነገር ሁሉ ቦታው የታወቀ ነው። የውሃው ጋን ጥግ ላይ እስከ ወገቡ አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ ቆሟል፤ ሸክላው እያላበ ዙሪያውን ያቀዘቅዛል። የልጆች ሽሮፕ እዚያ ነው። ቲማቲም እዚያ ነው። የምራቴ ሊፒስቲክ እዚያ ነው። ፍሪጅ አለን፤ ፍሪጅ ግን መብራት ይለምናል፣ ጋን ማንንም አይለምንም። ልጄ ሳጥኑን አሸዋው ዳር በጡብ ላይ አስቀመጠው፤ ብዙም ሳይቆይ ሰውነቱ ቀዘቀዘ። እኔም እጄን አስነክቼ «ጎሽ» አልኩ። ምራቴም አመነች። ያን ቀን ቤታችን ውስጥ ሞኝ አልነበረም።

ሳጥኑ ውስጥ ከገባው ሁሉ እኔን የሚመለከተኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የእህቴ ድምፅ።

ታላቄ ናት። ከድንበር ማዶ አግብታ እዚያው አረጀች። በእኛ ወግ የእናት እህት እናት ስለሆነች ልጆቼ «ትልቋ እማ» ነው የሚሏት። አንድ የማንጎ ወቅት፣ ሳጥኑ ገና ሳይገዛ፣ ኢታንግ ካለችው ልጇ ጋር ልትጠይቀን መጥታ ጓሮ ማንጎው ሥር ስትዘፍን ልጄ በስልኩ ቀዳት፤ እኔ እንግዳ ላስተናግድ ወዲያ ወዲህ እያልኩ ልብ ብዬ አልሰማኋትም። እህቴ ሰው እያየች ግጥም የምታወጣ ሴት ነበረች። ልጄ መጀመሪያውን አሰምቶኝ ነበር፤ ስለ እናታችን በቆሎ፣ ስለ ባሮ ውሃ ነው። «የቀረውን ነገ እሰማለሁ» አልኩት። በነጋታው ዲማ የሚሄድ መኪና ተገኘ።

ሳጥኑ ከመጣ ወዲህ ደግሞ ቤት በመጣሁ ቁጥር «እማ፣ የትልቋ እማ ድምፅ አለልሽ፣ ሳጥኑ ውስጥ ነው፣ በፈለግሽ ጊዜ» ይለኛል። በፈለግሽ ጊዜ የተባለ ነገር ደግሞ ጊዜ አይገኝለትም። አለ ከተባለ አለ። ውሃ ያለበትን ጋን ሰው ሳይጠማው ከፍቶ አያይም።

እህቴ ያረፈችው ክረምት ላይ ነው። ወሬው ዲማ ደረሰኝ። ወንዙ ሞልቶ መንገዱን በልቶታል፤ ወደ ማዶ መሻገር የለም አሉኝ። ቀብሯን አላየሁም፣ አፈሯን አልነካሁም። ስለዚህ የቀረኝን ልያዝ ብዬ፣ ድምፅዋን ልሰማ፣ ቦርሳዬን ይዤ ጋምቤላ ገባሁ።

ቤቱ የቤተ ክርስቲያን እህቶች ሞልተውበታል። ልጄ ኮምፒውተሩን አምጥቶ ፊቴ አስቀመጠና መነካካት ጀመረ። ነካካ፣ ነካካ። ላቡ በአፍንጫው ጫፍ ወረደ።

«ምን ሆነ?» አልኩ።

«ኮምፒውተሩ ሳጥኑን አላየውም።»

«እንዴት አያየውም? እኔ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል እኮ።»

ሄዶ ብድግ ሲያደርገው ከሥሩ ውሃ ተንጠባጠበ። በክረምት የባሮ ውሃ ድፍርስ ነው፤ እንዲጠልል ብለን ጋኑን እስከ አፉ እንሞላዋለን፣ እሱም እስከ አፉ ያልበዋል። አሸዋው ረጥቧል፣ ጡቡ ረጥቧል፣ አረንጓዴዋ መብራት መቼ እንደጠፋች እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። ማንም አላየም። ሌላ ሽቦ ያለው ነገር ቢሆን አንዱ ሲሰናከልበት ያስታውሰው ነበር።

«ግድ የለም፣ ዋናው ስልክህ ላይ አለ አይደል?» አልኩት።

ሳጥኑን በሸሚዙ ጫፍ መጥረግ ጀመረ።

«አንተ ልጅ!»

«ስልኩ ሞልቶብኝ ነበር፣ እማ። ባክአፕ አለ ብዬ ከስልኩም ከኮምፒውተሩም ሰረዝኩት።»

ምራቴ ያን ቀን እንኳ አልማረችውም። «መጠባበቂያውን ሊያስቀምጥ ዋናውን የጣለ አንተን አየሁ» አለችው። ቀስ ብላ ነው ያለችው፤ ሴቶቹ ግን ሰሙ።

ሳጥኑን ሩዝ ውስጥ ቀበሩት። ውሃ የገባበት ስልክ በሩዝ ይድናል ይባላል። ሰንብቶ ሲወጣ ሳጥኑ አልዳነም፤ ሩዙን ግን ለለቅሶ የመጣው ሰው በላው፤ ምንም አልሆነም። ከተማ ኮምፒውተር የሚጠግነው ሰውዬ ሳጥኑን ፈታው፣ አየው፣ እንደ እንቁላል ጆሮው ላይ አድርጎ ነቀነቀው። «የለም፣ ሞቷል» አለ። ልጄ ፊቱ አመድ መስሎ ሲመለስ በር ላይ ያገኘችው አንዲት ጎረቤት፣ ስለ አክስቱ መስሏት፣ «እግዚአብሔር ያጽናናህ» አለችው። እሱም «አሜን» አለ። ለየትኛው እንዳለ አልጠየቅሁም።

ነገሩን አስቡት እንግዲህ። ሦስቱም ኮምፒውተሮች ደህና ናቸው። የምራቴ ፈተና አለ፣ የቢሮው ወረቀት አለ፣ የልጅ ልጄ ፊልም አንድም አልጎደለ። የጠፋው ሳጥኑን ታምኖ ከሌላ ቦታ የተሰረዘው ብቻ ነው። ልጄ ዓይኔን ማየት ፈራ። እኔ አልተቆጣሁትም፤ ምን ብዬ? ጋኑ ጎን ሲያስቀምጠው «ጎሽ» ያልኩት እኔ ነኝ። ግን ቤቱ ጠበበኝ። ቦርሳዬን አነሳሁ፤ ከእህቴ ልጅ ጋር አብሬ ላልቅስ ብዬ ኢታንግ ሄድኩ።

ከሚኒባስ ወርጄ ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ ሙዚቃውን ከፍ አድርጎታል። አንዱ ዘፈን አለቀና ሌላው ጀመረ፤ ከበሮ የለው፣ ጊታር የለው፣ የአንዲት አሮጊት ድምፅ ብቻ ነው፤ ከኋላ ዶሮ ይጮኻል።

የእኛው ዶሮ ነው። ድምፅዋም የእህቴ ነው።

«አቁም!» አልኩ።

ባጃጁን አቆመ። «ምን ሆንሽ እማማ?»

«ባጃጁን አይደለም… አይ፣ ዘፈኑንም አታቁም! ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ይሄንን? ለኢታንግ አዲስ ነሽ እንዴ? ይሄ የመንገደኛዋ ዘፈን ነው። ገበያ ውስጥ ሜሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን የሚሞላው ሰውዬ ጋ አለ። ተሳፋሪ ይወደዋል፣ ሰው በሳቅ ይሞታል።»

«ምን የሚያስቅ አለበት?»

«እግሯ የማያርፍ አንዲት ሴትዮ አለች፣ እሷን እኮ ነው የምትሰድባት። ቋንቋውን አትሰሚም?»

እሰማለሁ። የእናታችን በቆሎ አልቋል፤ እኔ ያልሰማሁት ጋ ደርሷል። እህቴ በዚያ በሻከረ ድምፅዋ ቀስ እያለች ትወርድብኛለች፤

*ታናሼ እግሯ የባሮ ውሃ ነው፣*
*ዛሬ እዚህ ሞልቶ ነገ ማዶ ነው።*
*ምንጣፍ አንጥፉላት፣ አትድከሙ ግን፣*
*ሳይሞቅላት ነው የምትነሳው።*

በቋንቋችን ሲሆን ከዚህ ይበልጥ ይቆረጥማል። ሹፌሩ በመስታወቱ እያየኝ ይስቃል፤ እያለቀስኩ ስስቅ ሲያይ ግራ ገባው።

«ታውቂያታለሽ እንዴ?»

«ዘፋኟን?»

«አይ፣ የምትሰደበዋን።»

«አልፎ አልፎ ቤት ስትገኝ» አልኩት።

የእህቴ ልጅ በር ላይ አቅፋ ተቀበለችኝ፤ ተላቀስን። ከዚያ ስለ ባጃጁ ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ትንሿ እማ፣ እንዳትናገሪብኝ! ያኔ እኮ ወንድሜ፣ ያንቺው ልጅ፣ ባሮ ሊታጠብ ሲወርድ ስልኩን ትቶ ነበር። ወደ እኔ አሳለፍኩት። በኋላ የቤተሰብ ነገር አይውጣ ሲል ፈርቼ ዝም አልኩ። ለአንዲት ጓደኛዬ ብቻ ነው የሰጠሁት፤ እሷም ለአንድ ብቻ…»

«በምን አሳለፍሽው?»

«በአየር ነው እማ፣ ያለ ሽቦ።»

ልጄ ጋ ደወልን። መጀመሪያ አላመነም። ከዚያ ድምፁ ተሰበረ። ከዚያ ማዘዝ ጀመረ። «አሁኑኑ ላኩልኝ! እናንተም ስልክ ላይ ይቀመጥ፣ እንዳይሰረዝ! የባጃጁንም ሰውዬ እንዳይሰርዝ ንገሩት!»

«የቤተሰብ ነገር ከቤት አይወጣም አላልክም?» አልኩት።

«እማ፣ በናትሽ!»

የምራቴ ሳቅ ከሩቅ ተሰማኝ። ኋላ ሌላ ሳጥን ገዛ፤ እሱ ቁም ሳጥን ላይ በቬንትሌተር እየተነፋ ይኖራል። ጋኑ ጎን ሊፒስቲኩና ሽሮፑ ቀርተዋል። እህቴም ከሳጥኑ ሌላ በሦስቱም ኮምፒውተር፣ በየስልኩና በኢታንግ ባጃጅ ሁሉ ላይ አለች። ልጄ ባለፈው ለሰው ሲያስረዳ ሰማሁት፤ «ዋናው ነገር መበተኑ ነው» ይላል፣ ራሱ እንዳሰበው ሁሉ።

ያን ቀን ግን የእህቴ ልጅ ስልኩን ጭኔ ላይ አስቀምጣልኝ ዘፈኑን እስከ መጨረሻው ሰማሁት። እህቴ ስለ ምንጣፉ ዘፍና ሳትጨርስ የነጠላ ጫማ ድምፅ ይሰማል፤ ቸፕ፣ ቸፕ፣ እየራቀ ይሄዳል። እህቴ ዘፈኑን አቋርጣ ትጮኻለች፤ «ያውላችሁ! አላልኳችሁም? ተነሳች!» ሰው ሁሉ ይስቃል፤ የልጄም ሳቅ አለበት። «ግድ የለም፣ ትመለሳለች» ትላለች፣ ሳቁ ሲበርድ።

ወዴት እንደተነሳሁ ጨርሶ ረስቼው ነበር። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ዶሮው ጮኸ። ከዚያ ከቤት ውስጥ፣ ከሩቅ፣ ቆርቆሮ ኩባያ የጋን አፍ ሲነካ ተሰማ፤ ኳ። ስትዘፍን ጉሮሮዋ ደርቆ ነበር፤ ውሃ ልቀዳላት ነው የሄድኩት።

እዚያ ላይ ቀረጻው ያልቃል፤ የልጄ ስልክ ሞልቶ ቆሟል።