ምንም አላለችም

ወልቂጤ ገበያ ውስጥ የማረቆ በርበሬ የሚሸጥበት መደዳ አለ። እኔ በዚያ በኩል አላልፍም፤ ዞሬ በሸክላ ሻጮቹ በኩል እሄዳለሁ። ያ ሽታ አፍንጫዬ የገባ እንደሆነ የአሥር ዓመት ልጅ እሆናለሁ፤ ቡታጅራ፣ ቤታችን በር ላይ ቆሜ ሦስት ሽማግሌዎች አፍ አፌን ያዩኛል። ጋቢያቸው በርበሬ በርበሬ ይሸት ነበር።

ያኔ አንድ ነገር ምረጪ መባል ሞቴ ነበር። አባቴ ልብስ ሰፊ ነው። በረንዳ ላይ መኪናውን እየረገጠ፣ ከስፌት የተረፈውን ቁርጥራጭ ዘርግቶ ለአሻንጉሊትሽ አንዱን አንሺ ይለኛል። ቀዩን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። አበባ ያለበትን አነሳለሁ፣ እሱንም አስቀምጣለሁ። ሲሰለቸው አንዱን ይወረውርልኛል፤ እኔም ያላገኘሁትን እያሰብኩ ሳለቅስ እውላለሁ። ሰኞ ማክሰኞ ስንጫወት እንኳ ጠጠሬን ይዤ እንደቆምኩ ደወል ይደወላል። የሰፈር ልጆች ያወጡልኝ ስም «ልሂድ ልቅር» ነበር። ስሙ ደግሞ ልክ ነበር፣ ምን ይደረግ።

እህቴ አስካለ በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች። እሷም ከኔ አትሻልም፤ ብቻ እኔ ስቁነጠነጥ እሷ ዝም ስለምትል ሰው ጭምት ይላታል። ስምንተኛ ክፍል ነበረች፤ ሚኒስትሪ ልትፈተን ሁለት ወር አልቀራትም። ከጎጃም የመጣው አስተማሪዋ አባቴ ዘንድ ድረስ መጥቶ፣ ይቺ ልጅ ካለፈች አዲስ አበባ ነርስነት ትማራለች ብሎት ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሽተኛዋ እኔ ሆንኩ። መሬት ላይ ታስተኛኛለች፣ ምላስሽን አውጪ ትለኛለች፣ ጉልበቴ ከተላጠ በሳሙና አጥባ በአባቴ ቁርጥራጭ ታስርልኛለች። አስራ ስትጨርስ ጨርቁን በሁለት ጣቷ መታ መታ ታደርገዋለች። ስለራሷ እርግጠኛ ሆና ያየኋት በዚያች ደቂቃ ብቻ ነው።

ከፋሲካ በኋላ፣ አንድ ቀን ከሰዓት፣ ሽማግሌዎቹ ከማረቆ፣ ከቆሼ ከተማ መጡ። ለአንድ በርበሬ ነጋዴ ልጅ አስካለን ሊጠይቁ ነው። አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። በዚያ ጊዜ ብዙ አባት የማይለውን አለ፤ ልጄን ሳልጠይቅ ቃል አልሰጥም አላቸው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። አንደኛው፣ ጥርሱ የወለቀው፣ እንግዲህ አንተም የከተማ ሰው ሆነሃል ብሎ ሳቀበት።

አስካለ ግን ጓሮ ነበረች፤ ከእናቴ ጋር እንሰት ትፍቃለች። እንሰት በሚፋቅበት ቦታ ደግሞ በኛ አገር ወንድ ድርሽ አይልም፣ ነውር ነው። እሷም እንዲያ ተጨማልቃ ሽማግሌ ፊት አትቀርብም። ስለዚህ መልእክተኛ ተፈለገ። ከዚያ ሁሉ ሰው አባቴ እኔን ጠራኝና፣ ሂጂ ቁርጡን ጠይቀሽ ነይ አለኝ። ቁርጡን! እኔን!

ጓሮ ስደርስ የእንሰቱ ጭማቂ መሬቱን አርሶታል፤ ኮምጠጥ ያለው ሽታ አየሩን ሞልቶታል። አስካለ አንድ እግሯን ሳንቃው ላይ አድርጋ በቀርከሃው መፋቂያ ወደ ታች ትፍቃለች። የመጣሁበትን ነገርኳት። እጇ ቆመ። እናቴ ፊቷን ወደ ኮባው አዞረች፤ ከዚያ ወዲያ ዘወር አላለችም።

«ምን ልበል?» አለችኝ አስካለ።

እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንቺን ነው የጠየቁሽ አልኳት።

«ፈተናውን ልፈተንና...» ብላ ተወችው። ትንሽ ቆየችና፣ «አንቺ ብትሆኚ ምን ትያለሽ?»

ትከሻዬን ሰበቅሁ። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ ያውም ጨርቅ መምረጥ የሚያቅተኝ ልጅ።

«እሺ፣ ላስብበት በያቸው» አለችኝ በመጨረሻ። ድምፅዋ ከኮባ ቅጠል ኮሽታ አይበልጥም።

ከጓሮ እስከ በሩ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። በዚያች መንገድ ላይ አሥር መልስ አወጣሁ፣ አሥሩንም ጣልሁ። ፈተናዋን ትፈተን ብል ሽማግሌዎቹ ይስቁባታል። አልፈልግም አለች ብል ዋሸሁ፣ እንዲያ አላለችም። ታስብበት ብል ደግሞ፣ ሴት ልጅ ሽማግሌ አስቀምጣ ምን ታስባለች ብለው አባቴን ያዋርዱብኛል። በሩ ጋ ደረስሁ። አራት ሰው አፌን ያያል።

«ምን አለች?» አለ አባቴ።

የቀሚሴን ጫፍ ጠቅልዬ ፈታሁ።

«ምን አለች እኮ ነው የምልሽ፣ ልጄ?»

«ምንም አላለችም» አልሁ።

የፈለግሁት ገና አልመለሰችም ለማለት ነው። ጊዜ የገዛሁላት መስሎኝ ነበር። ነገር ግን አማርኛችንን ታውቁታላችሁ፤ ምንም አላለችም ማለት አልከፋትም፣ አልተቃወመችም ማለትም ነው። ያውም ስለ ልጃገረድ ሲነገር። ጥርሱ የወለቀው ሽማግሌ ጭኑን መታና፣ «የጨዋ ልጅ እንዲህ ናት፤ በአፏ እሺ ትበል እንዴ ታዲያ?» አለ። አባቴ አንድ ጊዜ አየኝ። የሆነ ነገር እንድጨምርለት የጠበቀ ይመስለኛል። እኔ የግራ እግሬን አውራ ጣት እያየሁ፣ ልናገር አልናገር ስል ሽማግሌዎቹ ተነሥተው እጃቸውን ዘረጉ። ምርቃቱ ተጀመረ። አባቴ አሜን አለ። ከሁሉም የሚገርመው፣ እኔም አብሬ አሜን ማለቴ ነው።

ሮጬ ጓሮ ተመለስሁ። አስካለ ምን አልሻቸው ብላ ጠየቀችኝ፤ ነገርኳት። ትንሽ ሳቀች። «ያው እኔስ ከዚህ የተለየ ምን አልኩ» አለችና ቀርከሃዋን አንሥታ መፋቅ ቀጠለች። እናቴ ያን ጊዜም ዘወር አላለችም።

ሠርጉ በግንቦት ሆነ። ሚኒስትሪ የተፈተኑት በሰኔ ነው። በዚያ ቀን ትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ተለጥፌ በመስኮት አየሁ። ከኋላ መስመር አንድ ወንበር ባዶ ነበር፤ የሷ ይሁን የሌላ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ የሷ ነው ብዬ ግን ተቀመጥኩና አለቀስሁ።

እኔ መወሰን የጀመርኩት ከዚያ ቀን ወዲህ ነው። ጀግንነት እንዳይመስላችሁ፤ ፍርሃት ነው። ሰው ሲጠይቀኝ በሆዴ እስከ ሦስት እቆጥራለሁ፣ ከዚያ የመጣልኝን እናገራለሁ። በመጀመሪያ በትንሹ ነበር፤ ቀዩ ጨርቅ፣ በቃ። ይህ ጠጠር እዚህ፣ በቃ። ስሳሳትም አልመለስም። ኋላ ስምንተኛን አለፍሁ፣ አጎቴ ቤት ወልቂጤ ሄጄ እማራለሁ አልሁ፣ ተማርሁ። ዛሬ አንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ነኝ። ለኔም ሽማግሌ ተልኮ ያውቃል፤ ወጥቼ ፊታቸው ቆሜ አልፈልግም አልሁ። ምላሷ እንደ ምላጭ ነው ይሉኛል። ይበሉ።

ካቻምና ቆሼ ሄድሁ። አስካለ ግቢ ውስጥ ቁጢጥ ብላ በርበሬ ትቀነጥሳለች፤ ጣቶቿ ተላልጠዋል፣ ቀን ከሌት ያስላታል። ባሏ አይመታትም፣ አይሰድባትም፤ የሚያያትም አይመስለኝም። ሦስት ልጆች ወልዳለች። ይህን አይቼ እስከ ሦስት እንኳ አልቆጠርሁም። ተነሺ፣ ልጆቹን ያዢ፣ እኔ ጋ ትኖሪያለሽ፣ የማታ ትምህርት አለ፣ ገና ሃያ ሰባት ዓመትሽ ነው አልኳት።

ተነሣች። ለምን አላለችኝም፣ እንዴት አላለችኝም። ገብታ የልጆቹን ልብስ በሻሽ መቋጠር ጀመረች። ደስ ብሎኝ ልረዳት ተጠጋሁ፤ ፊቷን ሳይ ግን ያነሣሁትን ልብስ መልሼ አስቀመጥሁት። ውሃ ቅጂ የተባለች ሠራተኛ ፊት ላይ እንኳ ከዚያ የበለጠ ነገር ይነበባል። ያን ጊዜ ተቀመጪ ብላት ትቀመጥ ነበር።

«አስካለ፣ አንቺ መሄድ ትፈልጊያለሽ?» አልኳት።

የማታውቀው ቋንቋ እንደተነገራት ሰው ቀና ብላ አየችኝ። «እኔ እንጃ። አንቺ እንዳልሽ» አለችኝ።

ጠበቅኋት። እንሰት ስትፍቅ እንዳገኘኋት እንደዚያ ቀን፣ ትንሽ ቆይታ አንዲት ነገር ጀምራ እስክትተው ድረስ እንኳ ጠበቅኋት። ልጆቹ ራበን እያሉ መጡ፣ አጎረሰቻቸው፣ እኔ አሁንም ጠበቅሁ። አውቶቡሱ ሊሄድ ሲል ቋጠሮውን ራሴ ፈታሁትና ልብሱን ወደነበረበት መለስሁ። እሷም ቆማ አየችኝ። አልተከፋችም፣ ደስም አላላትም።

ያኔ የምትፈልገው ነገር ነበራት። ግማሹንም ቢሆን ነግራኝ ነበር፤ ማድረስ ያቃተኝ እኔ ነኝ። አሁን ማንም ፊት ቆሜ፣ ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ፣ ያለችውን ቃል በቃል ማድረስ እችላለሁ። የምትለው ነው የሌላት።