ይህን የተናገረው ማን ነው?

አዳማ ውስጥ በአንድ የግል ኮሌጅ የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነኝ። ሥራዬ ሲጠራ ትልቅ ይመስላል። በተግባር ግን ማስታወቂያ እለጥፋለሁ፣ ፎቶ አነሳለሁ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የዲናችንን ንግግር እጽፋለሁ። ዲናችን ክፉ ሰው አይደሉም፤ ሠራተኛ ሲታመም ቀድመው ቤቱ የሚደርሱት እሳቸው ናቸው። ግን አንድ አመል አለባቸው፦ ያለ ጥቅስ መድረክ ላይ አይወጡም። ስለ መጸዳጃ ቤት ንጽሕና በጠሩት ስብሰባ ላይ እንኳ የሩቅ አገር ፈላስፋ ጠቅሰዋል።

ያለፈው ዓመት ምረቃ ሲቃረብ ቢሯቸው አስጠሩኝ።

«ዘንድሮ የክብር እንግዳችን ትልቅ ተመራማሪ ናቸው። መክፈቻው ላይ ቀልብ የሚይዝ ጥቅስ አስገቢልኝ» አሉኝ።

«እሺ ዶክተር። ግን ከየት እንደመጣ የማውቀውን ነው የማስገባው።»

«እሱን ላንቺ ትቼዋለሁ።»

መተዉስ ቀላል ነው። የከተማውን መጻሕፍት መደብሮች አዳረስኩ፤ አስፋልት ዳር ሸራ ላይ የሚዘረጉትንም አገላበጥኩ። የጥቅስ መጽሐፍ ሞልቷል። ሁሉም ቀጫጭን፣ ሁሉም ሽፋናቸው ላይ የፀሐይ መውጫ ያለባቸው። ውስጣቸው አባባል ይኖራል፣ ሥሩ ስም ይኖራል፣ አለቀ። ሰውየው መቼ አለው? የት ጻፈው? ማን ተረጎመው? አንድም ቃል የለም። አንዱ መጽሐፍ ውስጥማ ያው አባባል መጀመሪያ አካባቢ የአንድ ጸሐፊ ሆኖ፣ መጨረሻ አካባቢ የአንድ ጄኔራል ሆኖ አገኘሁት። ይህን ይዤ እንዴት ሰው ፊት ልቅረብ?

የኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ግን አንድ ወፍራም የእንግሊዝኛ የጥቅስ ማጣቀሻ እንዳለ አውቃለሁ። በርዕስ የተከፋፈለ ነው፤ ከእያንዳንዱ ጥቅስ ሥር የተገኘበት መጽሐፍ ወይም ንግግር ተጽፏል። ሄድኩ። መጽሐፉ ባለመስታወት ቁም ሣጥን ውስጥ ቆሟል፤ ጀርባው ላይ ያለው ጽሑፍ ቁልጭ ብሎ ይነበባል። ቁም ሣጥኑ ግን ተቆልፏል። ቁልፉን የያዙት አዛውንቱ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ለለቅሶ አርሲ ነገሌ ሄደዋል። ደወልኩላቸው፤ እንደ ልማዳቸው በኦሮምኛ ሰላም አሉኝ።

«አካም ጂርታ ልጄ?»

«ነጋያ፣ ጋሼ። እግዜር ያጽናዎት። በዚህ ሰዓት ማስቸገሬ ነውር ነው፤ የመስታወቱ ቁም ሣጥን ቁልፍ የት ይሆን?»

«ኪሴ ውስጥ ነዋ።»

«በሚኒባስ ሹፌር ቢልኩልኝስ?»

«የቤቴም ቁልፍ አብሮ ነው ያለው ልጄ፣ ለማላውቀው ሰው አልሰጥም። ሰኞ እመጣለሁ። ደግሞ መስታወቱን እንዳትነኩብኝ፣ ፈርሜ የተረከብኩት ነው።»

ምረቃው ቅዳሜ ነበር። መስታወቱ ፊት ቆሜ መጽሐፉን ሳየው ልቤ ድብን አለ። የሚገለጥ መጽሐፍ እንደ ዋንጫ ቆልፎ ማስቀመጥ ምን ይባላል?

ንግግሩን ያለ ጥቅስ ጽፌ ወሰድኩላቸው። ዲኑ አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ጥቅሱስ?»

«የሚታመን ምንጭ አላገኘሁም ዶክተር።»

ስልካቸውን አወጡና ቴሌግራም ከፈቱ። «ይኸውልሽ! ይሄን ለማግኘት ነው ሳምንት ሙሉ የተንከራተትሽው?» መሬት ላይ ስለሚዘራ ዘርና ስለ ትዕግሥት የምታወራ አጭር አባባል ነበረች፤ አጠገቧ የአንድ የጥንት ግሪካዊ ፈላስፋ ምስል አለ።

«እሱ ስለማለቱ እኮ ማረጋገጫ የለም።»

«ፎቶው አለ አይደል?»

ሌላ ምን ልበል? አስገባሁት።

ቅዳሜ የአዳማ ነፋስ ድንኳኑን ሲያርገበግበው ዋለ። ተመራቂዎቹ ቆባቸውን በእጃቸው ደግፈው ተቀምጠዋል። ዲናችን ፈላስፋውን በሙሉ ድምፅ ጠርተው ጥቅሱን አነበቡ፤ ጭብጨባው ደመቀ። ቀጥሎ የክብር እንግዳዋ ተነሡ። ዕድሜያቸውን መልካሳ ውስጥ በሰብል ምርምር ያሳለፉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ እናት ናቸው። ወረቀታቸውን ዘረጉ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አነበቡ። ያችው የዘርና የትዕግሥት አባባል ናት፤ አሁን ግን በአንድ የእስያ አገር መሪ ስም መጣች።

ግማሽ ላይ ቆሙ። ወረቀታቸውን አዩ፣ ዞረው ዲናችንን አዩ።

«ከሁለት አንዳችን ተሳስተናል» አሉ ፈገግ ብለው፤ «ምናልባትም ሁለታችንም።»

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ዲናችንም አብረው ሳቁ፤ አንገታቸው ላይ ግን ላቡ ሲወርድ ከቆምኩበት ይታየኝ ነበር። እኔ ካሜራዬን ፊቴ ላይ ደግኜ ተደበቅኩ።

ሰኞ ጠዋት ገና ሳልቀመጥ ተጠራሁ።

«አዋረድሽኝ» አሉኝ።

«ነግሬዎት ነበር እኮ ዶክተር።»

«ከነገርሽኝ ለምን አጥብቀሽ አልነገርሽኝም?»

 ከቢሯቸው ወጣሁ። በቀጥታ ወደ ቤተ መጻሕፍት ሄድኩ። ጋሼ መጥተው ነበር፤ ፊቴን አይተው ምንም ሳይጠይቁ ቁም ሣጥኑን ከፈቱልኝ።

ረጅም ሰዓት ተቀመጥኩ። ዘር በሚለው ፈለግኩ፣ ትዕግሥት በሚለው ፈለግኩ፣ በፈላስፋው ስም፣ በመሪው ስም ፈለግኩ። የለም። መጀመሪያ ተናደድኩ፤ ይህን ያህል የለፋሁበት መጽሐፍ ባዶ እጄን ሊሰደኝ ነው አልኩ። ቆይቶ ግን ገባኝ። ቅዳሜ ሳይደርስ ከፍቼው ቢሆን ይሄ «የለም» ብቻውን ያድነን ነበር። አላዋቂን አዋቂ የሚያስመስል መጽሐፍ አይደለም፤ አፍህን ከመክፈትህ በፊት ቆም በል የሚል ነው። ደግሞ ማንበቤን ስቀጥል ስለ መምህርነት የተናገሩ ሰዎች በየዘመኑ እርስ በርስ ሲከራከሩ አገኘሁ። አንዱ ያለውን ሌላው ያፈርሰዋል። ሳላስበው የራሴ ሐሳብ መነሣት ጀመረ፤ ለወራት እንዲህ ዓይነት ነገር ተሰምቶኝ አያውቅም።

የዘርንና የትዕግሥትን ገጾች በስልኬ አንስቼ ለዲኑ አሳየኋቸው።

«መጽሐፉ አሮጌ ስለሆነ ነው የሌለው» አሉኝ።

«ዶክተር፣ ፈላስፋው ከመጽሐፉ በፊት ነው የሞተው።»

ስልካቸውን አነሡ።

ለአዲስ ተማሪዎች አቀባበል ንግግር ስጽፍ መክፈቻውን ከራሴ አወጣሁት። ወደዱት። ደጋግመው አነበቡትና «የማን ነው?» አሉ። የእኔ ነው ስላቸው እስክሪብቷቸውን አንሥተው ሰረዙት።

«ጥሩ ነው፣ ግን የታወቀ ሰው ይሻላል።»

ከማጣቀሻው አንድ መርጬ ከነምንጩ ሰጠኋቸው። ስሙን ይዘው ምንጩን «ይረዝማል» ብለው አስወጡት። ቢያንስ ውሸት አልነበረም፤ በዚያ ተጽናናሁ። ግን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነገር ነው። በዚያ ሁሉ ገጽ ውስጥ የእኛ አገር ሰው አላገኘሁም። የእኛ ሰዎች የተናገሩት በየስልኩ ባለቤት አጥቶ ይዞራል፤ ማን እንዳለው፣ የት እንዳለው አጣርቶ በአማርኛም በኦሮምኛም የሚያስቀምጥልን መጽሐፍ እስካሁን አላገኘሁም። ይህንኑ ለዲኑ ነገርኳቸው፤ ኮሌጁ መምህራኑን ሰብስቦ ቢጀምረው አልኩ።

«ግሩም ሐሳብ ነው፣ በጽሑፍ አቅርቢው» አሉኝና የችግኝ ተከላውን ንግግር ለነገ እንዳደርስ አዘዙኝ። ሐሳቡን በጽሑፍ አቀረብኩ። መልስ አልመጣም፤ ሁለተኛም ልጠይቃቸው ነው።