ቀስ አድርጎ ያቆመኝ ጌታ

ቅዱሳን፣ የጌታ ሰላም ይብዛላችሁ። ይኸው ማይክ ይዤ ስቆም እግሬ ይንቀጠቀጣል፤ ከፍርሃት ነው እንጂ ከበሽታ አይደለም። ጌታ ይባረክ! ብርቱካን የሚለውን ስሜን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያሳለፍኩትን ግን አታውቁም። መጋቢያችን "ተናገሪ" እያሉኝ ስሸሽ ቆየሁ። ዛሬ ጌታ ያደረገልኝን ሳልናገር ቤቴ መግባት አልፈለግሁም።

እኔ እዚሁ ደሴ የስፖርት አስተማሪ ነኝ። ልጆቹን በጠዋት ብርድ ዳገት አስሮጣለሁ፤ ራሴም ከፊት ከፊት እሮጥ ነበር። ታናሽ እህቴ ሰብለ ኮምቦልቻ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራለች፤ ከእኔ ቀድማ ጌታን የተቀበለች እሷ ናት። ስትመሰክርልኝ አልከራከራትም። "ሰብልዬ፣ አንቺን ከጠቀመሽ ጥሩ ነው፤ እኔ ምንም አልጎደለኝም" እላታለሁ። እውነትም የጎደለኝ አይመስለኝም ነበር፣ ወገኖቼ።

አንድ ክረምት ሆዴን አመመኝና ተሻለኝ። ከዚያ በኋላ የእግር ጣቶቼ መደንዘዝ ጀመሩ። የጫማው ነው ብዬ ጫማ ቀየርኩ። ቀጥሎ ደረጃ መውጣት አቃተኝ፤ ከወንበር መነሳት አቃተኝ፤ ጭራሽ ማንኪያ ከእጄ ይወድቅ ጀመር። ሆስፒታል አስተኙኝ። ሐኪሙ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ "የሰውነትሽ መከላከያ ተሳስቶ የራስሽን ነርቭ ነው ያጠቃው" አለኝ።

"ዶክተር፣ እሮጣለሁ?" አልኩት።

"መጀመሪያ መቀመጥ እንቻል" አለኝ። "ብዙ ሰው ይድናል፤ ግን ቀስ ብሎ ነው። ላንቺ ምን ያህል እንደሚመለስልሽ ዛሬ ልነግርሽ አልችልም።"

በሽታው መተንፈሻዬ ጋ ሳይደርስ ቆመ። እኔ ጌታን ባላውቀውም እሱ ያውቀኝ ነበር። ሃሌ ሉያ!

ከሆስፒታል ስወጣ ሰብለ፣ "እታለም፣ የደሴ ብርድ እግርሽን ይበላዋል። ኮምቦልቻ ሙቀት አለ፣ መንገዱም ሜዳ ነው" ብላ ወሰደችኝ። የምትኖረው እትዬ ዘምዘም ግቢ በተከራየቻት አንድ ክፍል ነው። እትዬ ዘምዘም ሶላታቸው የማይታጎል ሙስሊም ባልቴት ናቸው። ጠዋት ጠዋት በመስኮት ብቅ ብለው፣ "አብሽሪ ልጄ፣ አብሽሪ" ይሉኛል። እኔ ግን አልመልስላቸውም። ሰብለ ታጥበኛለች፣ ታጎርሰኛለች፣ ጸጉሬን ታበጥርልኛለች፤ ከዚያ ወደ ሥራ ትሄዳለች። እኔ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞራለሁ። ሰው ሁሉ "በርቺ" ሲለኝ፣ ያንን ቃል ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ እንዳልኩት ትዝ ይለኛል፤ አሁን ግን በምን ልበርታ?

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ ውሃ ጠማኝ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ኩባያ ልደርስበት ስንጠራራ ከአልጋው ተንሸራትቼ ወለሉ ላይ ወደቅሁ። አልተሰበርኩም፤ መነሳት ግን አልቻልኩም። ጉንጬ ሲሚንቶው ላይ ነው። ወደ ደረቅ ወደቡ የሚሄዱት ከባድ መኪናዎች ባለፉ ቁጥር ወለሉ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል። ጮኼ ሰው እንዳልጠራ አፈርኩ። አለቀስኩ፤ እንባዬን እንኳ መጥረግ አልቻልኩም። ያኔ ነው በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ የጸለይኩት። "ጌታ ሆይ፣ ሰብለ እንደምትለው ካለህ፣ አንሳኝ አልልህም። ብቻዬን አትተወኝ" አልኩ።

ብርሃን አላየሁም፣ ወገኖቼ። ድምፅም አልሰማሁም። ብቻ ልቤ ጸጥ አለ። ለወራት ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረው ፍርሃት ወረደልኝ።

ትንሽ ቆይቶ በሩ ተከፈተ። እትዬ ዘምዘም ናቸው።

"ያ ረቢ! ምን ሆንሽ ልጄ?"

"ወደቅሁ፣ እትዬ።"

ግቢው ሁሉ ሥራ ሄዷል፤ ሰው ቢጣሩ ሰው የለም። "እኔ ወገቤ አይችልም፣ አላነሳሽም" አሉኝ። "ሰው እስኪመጣ ግን ወላሂ ከጎንሽ አልለይም።" ትራሱን ከአልጋ አውርደው ከጭንቅላቴ ሥር አደረጉ። ጋቢ ደረቡልኝ። ፊቴን በሻሻቸው ጠረጉ። ከዚያ እግራቸውን ዘርግተው ወለሉ ላይ ከጎኔ ተቀመጡና ዝንጅብል የገባበት ሻይ በማንኪያ ያጠጡኝ ጀመር። ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ልጆቻቸው እያወሩ ሰብለ እስክትመጣ ቆዩ።

ወገኖቼ፣ የለመንኩት ይኸንኑ አልነበረም? አንሳኝ አላልኩም፤ ብቻዬን አትተወኝ ነው ያልኩት። ክብር ለስሙ ይሁን!

ሰብለ መጥታ አልጋ ላይ እንዳወጣችኝ፣ "በይ ስለዚያ ጌታሽ ንገሪኝ" አልኳት። እጄን ይዛ አለቀሰች። እዚያው ክፍል ውስጥ ልቤን ለኢየሱስ ሰጠሁ። እሑድ ከሰዓት የኮምቦልቻ ቅዱሳን መጥተው ጸለዩልኝ። ወዲያው ተነስታ ትሄዳለች ብለው የጠበቁ ነበሩ፤ እኔም ጠብቄ ነበር። አልተነሳሁም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ቀን የተነሳው ልቤ ነው፤ እግሬ ገና ነበር። ግን በማግስቱ እትዬ ዘምዘም በመስኮት "አብሽሪ" ሲሉኝ፣ "አሜን እትዬ" አልኳቸው። ሳቁ።

ከዚያ ልምምድ ተጀመረ። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ያሳየችኝን ሰብለ ጠዋትና ማታ ታሠራኛለች። መጀመሪያ ተደግፎ መቀመጥ፣ ቀጥሎ የመስኮቱን ብረት ይዞ መቆም። እኔ ደግሞ የስፖርት ሰው ነኝና ቸኮልኩ። ሰብለ ሥራ ስትሄድ ብቻዬን እየደጋገምኩ እቆማለሁ፤ ላብ ካላጠመቀኝ የሠራሁ አይመስለኝም። በዚህ ምክንያት ያገኘሁትን ኃይል መልሼ አጣሁና እንደገና አልጋ ላይ ዋልኩ። ባለሙያዋ ተቆጣች።

"እዚህ ውድድር የለም!" አለችኝ። "ይኼ ነርቭ ነው፤ ስታስጨንቂው ይብስበታል። ሳይደክምሽ አቁሚ፣ እረፊ፣ ነገ ድገሚው።"

ዕድሜዬን ሙሉ ጽናት ማለት ጥርስ ነክሶ መግፋት ይመስለኝ ነበር። ማረፍን ጌታ ያስተማረኝ ያኔ ነው። ከልምምድ በኋላ ሰብለ እግሬን ለብ ባለ ውሃ ትዘፈዝፍልኛለች። ፀሐይ ላይ የሞቀ ካልሲ ታጠልቅልኛለች። እትዬ ዘምዘም የበሰለ ፓፓያ ቆርጠው ይልኩልኛል። በረንዳ ላይ ተቀምጬ ዝማሬ እሰማለሁ። ቀላል ነገር ነው ትሉ ይሆናል፤ ለእኔ ግን የነገውን ልምምድ የሚያስችለኝ ስንቅ ነበር። ጌታ በትንንሽ ነገር ሲያጽናና አያችሁ? ሃሌ ሉያ!

ከአልጋው እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ውሃ ቦኖው፣ ከዚያ እስከ አጥሩ መውጫ ድረስ ሄድኩ። ወደ ኋላ የተመለስኩባቸው ቀናትም ነበሩ፤ እንደዚያ ሲሆን "ጌታ ሆይ፣ ዛሬ አልቻልኩም፤ ነገ አብረን እንሞክራለን" ብዬ እተኛለሁ። ምርኩዜን ይዤ ብቻዬን አስፋልቱ ዳር የደረስኩ ዕለት እትዬ ዘምዘም "ማሻአላህ!" ብለው እልልታውን አቀለጡት፤ ባጃጅ የሚነዱት ሁሉ ቆመው አዩኝ።

ሐኪሙ በቀጠሮዬ በእግሬ ስገባ ሲያየኝ ብድግ አለ። "የት ሄደ ያ ሁሉ በሽታ?" አለኝ። "ጌታ ቀስ አድርጎ አቆመኝ" አልኩት። "ቀስ ማለቱን እኔም ነግሬሽ ነበር" አለና ሳቀ።

ከዚያ ወደ ገራዶ፣ ወደ እናታችን ወረድኩ። ለመጨረሻ ጊዜ ያየችኝ አልጋ ላይ ተኝቼ ነበር። ከሚኒባሱ ወርጄ በእርሻው መሃል ባለችው ቀጭን መንገድ ስመጣ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር፤ ቀና ብላ አየችኝና ጎመኑን በተነችው።

"ማን ይዞሽ መጣ?" አለችኝ።

"እማዬ፣ ሰው አልያዘኝም።"

እናቴ የኦርቶዶክስ ክርስቲያን ናት፤ በእኔና በሰብለ መንገድ ታዝንብን ነበር። ያን ዕለት ግን ጉልበቴን በሁለት እጇ ይዛ፣ "የያዘሽ እሱ ነው፤ ተመስገን" አለች። ሁለታችንም መሬት ላይ ተቀምጠን አለቀስን።

ዛሬ ትምህርት ቤት ተመልሻለሁ። የግራ እግሬ ጣቶች አሁንም ይደነዝዛሉ፤ መሮጥ አልችልም። ስለዚህ ግን አላዝንም። የደከመው ልጅ ሲቀመጥ አሁን ሄጄ ከጎኑ እቀመጣለሁ።

በመጨረሻ ይኼን ልበል። እዚህ መካከል ተስፋ የቆረጠ ካለ፣ ጌታን ለመጥራት እስክትበረቱ አትጠብቁ። ወድቃችሁም ጥሩት፤ እሱ ይሰማል። ደግሞ ቤታችሁ አልጋ የያዘ፣ እዚህ መምጣት ያልቻለ ሰው ካለ ከጉባኤው በኋላ ቤቱን ንገሩኝ። ዳገት ቢሆንም ግድ የለም። ቀስ ብዬ ነው፣ ግን በእግሬ እመጣለሁ።