ጥንት ነው፣ ቅዳሜ ይመለሳል

ሰበታ ላይ «ቤተ መዘክር» የሚል ሰው አልነበረም። ቃሉ አፍ ይሞላል፤ ተናግረው እስኪጨርሱት ሻይ ይቀዘቅዛል። ጣሊያን ጥሎት የሄደው መጋዘን በሩ ላይ «የጥንት ባህሎች ቤተ መዘክር» ተብሎ በሰማያዊ ቀለም ቢጻፍበትም፣ ሁላችንም የምንጠራው «የደጊቱ ዕቃ ቤት» እያልን ነበር። እኔ ከመንገዱ ማዶ ብስክሌት እጠግን ስለነበር በዚያ በር የገባውንም የወጣውንም አይቻለሁ። ስለ ደጊቱ ላወራ የተነሣሁት ማንም ሳይጠይቀኝ ነው። እስክጠየቅ ብጠብቅ ሌላው ቀድሞኝ ያበላሸዋል።

ደጊቱ ረጅም፣ ሻሿን ጥብቅ አድርጋ የምታስር ሴት ነበረች። በኦሮምኛ ትሳደባለች፣ በአማርኛ ትመርቃለች፤ ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ ስታደርገው ሰምቻለሁ። ባሏ ሞቶባታል፤ ልጅ አልወለደችም። መጋዘኑን እንድትጠርግ የቀጠራት አዋሽ ዳር ድንጋይ ሲለቅም የከረመ አንድ ጢማም ፈረንጅ ነው። ሰውየው ድንጋዩ ሲበቃው ወደ ሰው ዕቃ ዞረ። ከፉሪ እስከ ተፍኪ በበቅሎ እየዞረ ጋሻውን፣ ኮርቻውን፣ የወተት ጮጮውን፣ የቀንድ ዋንጫውን እየለመነ ሰበሰበ። ከዚያ ወባ ያዘውና ወደ አገሩ ሄደ፤ ቁልፉ ደጊቱ እጅ ቀረ።

ፈረንጁ ያልገባው አንድ ነገር ነበር። ያገሬ ሰው ዕቃውን የሰጠው አደራ ብሎ ነው። የገበሬ ቤት ሣር ክዳን ነው፤ እሳት አለ፣ አይጥ አለ፣ ሰክሮ የሚመጣ አማች አለ። እዚያ ግን ቆርቆሮ አለ፣ ቁልፍ አለ፣ ደጊቱ አለች። አደራ ያስቀመጠ ሰው ደግሞ ሲያስፈልገው ይወስዳል፣ ሲጨርስ ይመልሳል። የጥር ሠርግ ሲመጣ ጋሻና ጦሩ ለሽለላ ይወጣል። ለጥምቀት ጉግስ ኮርቻው ይወጣል። ደጊቱ ማን ምን እንደወሰደ በቃሏ ታውቃለች፤ ጮጮ ሳታጥን የመለሰች ሴት የመንደሩ መሳቂያ ሆና ትከርማለች።

አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ ተማሪዎች መጡ። አስተማሪያቸው ባዶ ሚስማር ላይ ጣቱን ቀስሮ፣ «እዚህ የነበረው ጋሻ የት ሄደ?» አላት።

«ሠርግ ሄዷል።»

«ጥንታዊ ዕቃ አይደለም እንዴ?»

«ጥንት ነው፤ ቅዳሜ ይመለሳል» አለችው። ተማሪዎቹ ይህንንም እንደ ትምህርት ጻፉት።

ከዚያ ሁሉ ዕቃ ከቦታው ተነሥቶ የማያውቅ አንድ ብቻ ነበር። በሩን አልፈው ሲገቡ በስተቀኝ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለ ሲንቄ። ሲንቄ ቀጭን፣ ቀጥ ያለ ዘንግ ነው፤ እናት ለሴት ልጇ በሠርጓ ቀን ትሰጣታለች። ሴት ስትበደል ሲንቄዋን ይዛ ትወጣለች፤ ጎረቤቶቿም የየራሳቸውን ይዘው ይከተሏታል። ሲንቄ ተሻግሮ የሚያልፍ ወንድ የለም፤ ቢኖርም ወንድ የሚለው የለም። ይህኛውን ለደጊቱ የሰጠቻት እናቷ ተረፈች ናት፤ ከሥሩም በካርቶን ላይ «የተረፈች ሲንቄ» ተብሎ ተጽፏል። አንድ ቀን ለምን እዚህ እንደሰቀለችው ጠየቅኋት።

«ሴት ልጅ የለኝ» አለችኝ። «ከእኔ በኋላ ማን ይይዘዋል? እዚህ ሲሆን ስሟ እንኳ ይነበባል።»

ያን ቀን አልቀለድኩባትም።

በስድሳ ሁለት ዓመተ ምሕረት ክረምት የመጋዘኑ ቆርቆሮ አፈሰሰ። ያሳደሱት ቀኛዝማች ወንድይራድ ናቸው፤ ከሰበታ እስከ ተፍኪ ካለው መሬት ግማሹ የእሳቸው፣ ግማሹ ደግሞ የእሳቸው መሆኑ ገና ያልታወቀ። እጃቸው ሲፈታ በከንቱ አይፈታምና፣ መስከረም ላይ የወረዳው ገዥ ቤቱ ካሁን በኋላ «የቀኛዝማች ወንድይራድ መታሰቢያ ቤተ መዘክር» እንደሚባል አስነገረ። ምርቃቱ የገና በዓል ባለፈ በመጀመሪያው እሑድ ይሆናል ተባለ።

ወሬው ጠዋት ገበያ ገባ፤ እኩለ ቀን ላይ አስተያየት ያልሰጠ አህያ ብቻ ነበር። ከእኔ ጎን ሱቅ ያለው አብዶ፣ «በቆርቆሮ ስም የሚገኝ ከሆነ ሚስማሩን የሸጥኩላቸው እኔ ነኝ» አለ። «የቀኛዝማች ወንድይራድና የአብዶ ይበሉት። የእኔን በትንሹ ቢጽፉትም አልቀየምም።» የተፍኪ ሰዎች «ፈረንጁ የለቀመው ድንጋይ ከእኛ ሄዶ እንዴት ስማችን አይነሣም» ብለው ሽማግሌ ላኩ። የፉሪ ሰዎች ድንጋይ ባይኖራቸውም ተፍኪ ከተጠራ እኛስ አሉ። የትምህርት ቤቱ መምህር «ብሔራዊ» የምትል ቃል ካልገባችበት ነገሩ ገጠር ገጠር ይላል አለ፤ የት ያለ መስሎት እንደሆነ እንጃ። ጠጅ ቤት ደግሞ ክርክሩ ሌላ ነበር። ሰውየው በቁማቸው ናቸው፤ እንዴት ነው መታሰቢያ የሚቆምላቸው? አንዱ ብርሌውን አስቀምጦ፣ «ይታሰቡ፣ ምን ቸገረኝ» አለ። «ግን ተዝካሩ መቼ ነው? በባዶ ሆዴ ማንንም አላስታውስም።»

ሳቃችንን አብዶ ሱቅ መጥቶ ያቆመው ኦቦ ኢተፋ ነው። ኦቦ ኢተፋ የፉሪ ገበሬ ነው፤ ሚስቱ ሞታበት አንዲት ልጁን ያለምወርቅን ብቻውን አሳድጎ፣ ለዚያው ጥር ሊድራት ሽር ጉድ ይል ነበር።

«ኮርቻው የአባቴ ነው» አለ። «የቀኛዝማችን ቂጥ አያውቀውም። ታዲያ ለልጄ ሠርግ የገዛ ኮርቻዬን ከእሳቸው ልለምን ነው?»

አብዶ ሚዛኑን ይወለውል ጀመር።

ደጊቱ ግን ነገሬም አላለችው። «ስም ምን ያደርጋል? ያው የምጠርገው እኔ ነኝ» ትል ነበር። እንዲህ ስትል የቆየችው የወረዳው ጸሐፊ ደቻሳ ሙጫና አዳዲስ ካርቶን ይዞ እስኪመጣ ነው። ደቻሳ የእህቷ ልጅ ነው፤ ክፋት የለበትም፣ ለክፋት የሚሆን ጉልበትም የለውም። በየዕቃው ሥር የነበረውን ጽሑፍ እየላጠ «ከቀኛዝማች ወንድይራድ ቤት የተገኘ» የሚል ለጠፈ። ጋሻውም ከእሳቸው ቤት፣ ኮርቻውም ከእሳቸው ቤት። በጮጮው ብዛት ከሄድን ቀኛዝማች ዕድሜያቸውን ሙሉ ላም ሲያልቡ ነው የኖሩት። በመጨረሻ ሲንቄው ጋ ደረሰ። የተረፈችን ስም ሲልጥ የደጊቱ ድምፅ መንገዱን ተሻግሮ እኔ ጋ መጣ።

«ከማን ቤት ነው ያልከው?»

«አክስቴ፣ እኔ የታዘዝኩትን ነው...»

ሙጫውን ጥሎ ሲሮጥ አየሁት። ደጊቱ ተከትላው ወጣች፤ ግን አላሳደደችውም። መጥታ የመሣሪያ ሣጥኔ ላይ ተቀመጠችና ለማንም ያልነገረችውን ነገረችኝ።

የቀኛዝማች አባት፣ ፊታውራሪው፣ በዘመናቸው አንዲት የጭሰኛ ሚስት አራስ ሳለች በአለንጋ መቱ። አራስ ሴት እንኳን በአለንጋ በክፉ ቃልም አትነካም። መጀመሪያ ሲንቄዋን ይዛ የወጣችው ተረፈች ናት። የአካባቢው ሴት ሁሉ ተከትሏት ፊታውራሪው ደጃፍ ሰፈረ። ቤት የሚመለስ የለም፤ ላም የሚያልብ የለም፤ ወንዶቹ የሚያለቅስ ሕፃን ታቅፈው የሚገቡበት ጠፋቸው። ፊታውራሪው መጀመሪያ ተሳደቡ፣ ቀጥሎ አስፈራሩ፣ ቀጥሎ ሽማግሌ ላኩ። በመጨረሻ የይቅርታ ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ነጭተው በእጃቸው ይዘው ወጡ። ጊደር አርደው፣ በሕዝብ ፊት አራሷን ይቅርታ ጠየቁ።

«እናቴ በሕይወቷ ከዚህ ሌላ ያደረገችው የሚነገር ነገር የለም» አለች ደጊቱ። «አረሰች፣ ወለደች፣ ሞተች። ያላት ይኸው ነበር። እሱንም ወሰዱት።»

እንባዋ መጣ፤ በሻሿ ጫፍ ጠረገችው። እኔም ተናደድኩ፣ እፈታው የነበረውን ጎማ በጥፊ መታሁ። «ታዲያ ምን ልታደርጊ ነው?»

ፈገግ አለች። «ከቤታቸው የተገኘ ነው ያሉት? ውሸትም አይደል እኮ» አለች። ፈገግታዋን አልወደድኩትም።

እሑድ ደረሰ። ዳስ ተጣለ፣ ሁለት በሬ ታረደ፣ ከአዲስ አበባ ከረባት ያሰሩ ሰዎች በላንድሮቨር መጡ። አዲሱ ሰሌዳ በሩ አናት ላይ በነጠላ ተሸፍኖ ተሰቅሏል። ቀኛዝማች ካባ ደርበው፣ አዲስ ጫማ ተጫምተው፣ እግራቸውን እንደ አዲስ ሙሽራ እየመረጡ መጡ። ገዥው ስለ ጥንታዊ ሥልጣኔ ረጅም ንግግር አደረገ፤ ሰው የሥጋውን ሽታ እየሳበ አጨበጨበ። ከዚያ በሩ ተከፈተ።

በሩን ከፍታ የወጣችው ደጊቱ ናት። ሲንቄውን ይዛ ወጣችና ደፉ ላይ አጋድማ አስቀመጠችው። እሷም ከጎኑ ቆመች። ከሕዝቡ መሐል ሴቶች ይወጡ ጀመር፤ አሮጊቶቹ ሲንቄያቸውን በነጠላቸው ውስጥ ደብቀው ነበር የመጡት። የአብዶ ሚስት ራህመት እንኳ፣ ሲንቄ በዘሯም የለ፣ ሱቋን ዘግታ መጥታ ከኋላቸው ቆመች።

ቀኛዝማች አንድ እግራቸውን አንሥተው ነበር። መልሰው አወረዱት።

ከረባት ያሰረው አንዱ፣ «ዘንጉን አንሡት እንጂ፣ ምን ትጠብቃላችሁ?» አለ። ፖሊሱ የታዘዘ መስሎት አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ከሴቶቹ መሐል እናቱን ሲያይ ቀበቶውን ማስተካከል ጀመረ። ሌላ የተነቃነቀ የለም።

ቀኛዝማች እዚሁ ተወልደው ያደጉ ናቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በኦሮምኛ፣ «አዴ ደጊቱ፣ ማል ታኤ?» አሉ፤ ምን ተፈጠረ ማለታቸው ነው።

እሷ ግን ሁሉም እንዲሰማ በአማርኛ መለሰች። «ጌታዬ፣ ይህ ዘንግ ከእርስዎ ቤት የተገኘ ነው ብለው አስጽፈዋል። እውነት ነው፣ አንድ ጊዜ ቤታችሁ መጥቶ ነበር። ያመጣችው እናቴ ተረፈች ናት። ለምን እንዳመጣችውም ይጻፍበት። አባትዎ ሣር ይዘው መውጣታቸውም ይጻፍበት። ይህ ሁሉ ከተጻፈ ቤቱ በስምዎ ቢጠራ እኔ አልቃወምም።»

ከሽማግሌዎቹ መሐል አንዱ «አዎን፣ አስታውሳለሁ» አለ። ሌላው «ጊደሯ ቀይ ነበረች» ሲል ጨመረ። ኦቦ ኢተፋ ደግሞ ከኋላ ሆኖ፣ «ከተጻፈ አይቀር ኮርቻውንም አስተካክሉት!» ብሎ ጮኸ። ሳቁ ከዳሱ ጫፍ ተነሥቶ እስከ ላንድሮቨሩ ደረሰ።

ቀኛዝማች ቀና ብለው የተሸፈነውን ሰሌዳ አዩት፤ ዝቅ ብለው ዘንጉን አዩት። በስማቸው በቆመ ቤት ውስጥ የአባታቸው ውርደት ተሰቅሎ ተማሪ ሲጽፈው ታያቸው መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ አሳዘኑኝ፤ ብዙም አልቆየብኝም። ዘወር አሉና ከአጥሩ ሥር እርጥብ ሣር ነጭተው በሁለት እጃቸው ዘረጉላት።

ደጊቱ ሣሩን ተቀበለች።

«ሰሌዳውስ?» አሉ ቀስ ብለው።

«ጥሩ እንጨት ነው» አለች።

በማግሥቱ ወረደ። አሁንም ብስክሌት ሊያስጠግን የመጣ ሰው የሚቀመጥበት የእኔ አግዳሚ እሱ ነው፤ ጽሑፉን ወደ ታች አድርጌዋለሁ። ሁለቱ በሬዎች ግን ታርደዋልና ማን ይተዋቸዋል? እስኪመሽ ተበላ። የጠጅ ቤቱ ሰውዬ ጉልጥምት እየጋጠ፣ «ተዝካሩ እንኳ አልቀረብንም፤ ነፍሳቸውን ይማር» ሲል ቀኛዝማች ሁለት ሰው አልፈው ተቀምጠው ነበር።

ደቻሳ የድሮዎቹን ጽሑፎች አንድ በአንድ መልሶ ጻፈ፤ ማዘዝ እንኳ አላስፈለገም። «የተረፈች ሲንቄ» የሚለውን በትልቁ ጻፈው። ሚስማሩ ላይ ግን የሚሰቀል ነገር አልነበረም፤ ደጊቱ ዘንጉን ይዛ ቤቷ ገብታ ነበር።

ከጥምቀት በኋላ የኦቦ ኢተፋ ልጅ ተዳረች። ያለምወርቅ በአያቷ ኮርቻ ላይ ልትቀመጥ ስትል፣ ሌሎች ሙሽሮች እናታቸው ዘንግ የምታስጨብጣቸው ሰዓት ደረሰ። ልጅቷ እጇን የት እንደምታደርገው ጠፍቷት አቀርቅራ ቆመች። ያን ጊዜ ደጊቱ ከሰው መሐል ወጥታ የተረፈችን ሲንቄ አስጨበጠቻት። ኦቦ ኢተፋ ፊቱን አዙሮ የጠበቀውን የኮርቻ ጠፍር እንደገና ያጠብቅ ነበር።

በሚቀጥለው ወር ያ አስተማሪ ሌሎች ተማሪዎች ይዞ መጣ። ጋሻው አለ፣ ኮርቻው አለ፣ ጮጮው ሁሉ አለ። በስተቀኝ በኩል ባዶውን ሚስማር አየና ሳቁ መጣበት።

«ይሄስ? ሠርግ ሄደ?»

«ሥራ ሄደ» አለችው ደጊቱ።

«እሺ፣ ቅዳሜ ይመለሳላ?»

«አይ» አለች፣ ሻሿን እያጠበቀች። «እሱስ ከእንግዲህ አይመለስም።»

ከመንገዱ ማዶ ሆኜ አየኋት። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።