ፊልሙ ያላሳየን ነገር

እስራኤል አገር፣ ጊቫት ኦልጋ ስንኖር ከአባቴ ጋር አንድ የቪዲዮ ካሴት ተከራይተን አየን። ከባሕር የወጣውን ፍጡር ያየ ሁሉ ያብዳል፤ ፍጡሩን ግን ሳያሳዩን ፊልሙ አለቀ።

«ምን ይመስል ኖሯል?» አሉኝ አባቴ።

ካሴት አከራዩ ታሪኩ ከመጽሐፍ የተወሰደ መሆኑን ሲነግረኝ፣ ከቤተ መጻሕፍት ተዋስኩት። መጽሐፉ በዕብራይስጥ ነው፤ ኢቭሪቴ ገና ደካማ ቢሆንም ሳልጨርሰው አልመልስም ብዬ ማልኩ። ከፋብሪካ ስገባ መዝገበ ቃላት እያገላበጥኩ ሦስት ወር ታገልኩት። አባቴም በየቀኑ፣ «ደረስህበት?» ይሉኛል።

በመጨረሻው ገጽ ባለታሪኩ፣ «ያየሁትን የምናገርበት ቃል የለኝም» ብሎ አረፈው! በንዴት ተርጉሜ አነበብኩላቸው። ይስቁብኛል ብዬ ነበር።

አባቴ ከእኛ በኋላ በሱዳን በኩል ብቻቸውን ነው የመጡት። በመንገድ ስላዩት ነገር ትንፍሽ ብለው አያውቁም። መጽሐፉን ከእጄ ወስደው ዳበስ አደረጉት።

«ይሄ ሰውዬስ በእውነት አይቷል» አሉ።